ፓርቲሽን ያለው ዩኒክስ ሰርቨር ምክንያቱ ሳይታወቅ እየወደቀ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር

ይሄ ጽሁፍ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ከሚሴ አካባቢ አይቢኤም ፓወር ሰርቨር ላይ ኤአይኤክስ (የአይቢኤም ዩኒክስ) ለምታስተዳድሩ ልጆች ነው። በተለይ ሌሊት ተደውሎ "ሲስተም የለም" ለምትባሉት፣ ጠዋት ስትደርሱ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲሰራ ለምታገኙት። እንደዛ አይነቱ ውድቀት ነው በጣም የሚያንገበግበው ምክንያቱም ከተነሳ በኋላ ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም ወደ ስራው ይመለሳል፣ ከዛ ልክ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ይደገማል፣ ያኔ ሁሉም ወደናንተ ይዞራል።

ኮማንዶቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፣ ኪቦርዱ ላይ ስትደርሱ ታውቋቸዋላችሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ልበል። ፓርቲሽን ያለው ማሽን ላይ "ለምን ወደቀ" ከማለታችሁ በፊት "ማን አብሮት ወደቀ፣ ማንስ ሳይወድቅ ቀረ" በሉ። ፓርቲሽኖች (አንዱ ሰርቨር ተከፋፍሎ እንደየራሱ ማሽን የሚሰሩት ክፍሎች) ማለት አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ በር አለው ግን መብራቱና ውሃው የጋራ ነው። የአንዱ ክፍል አምፖል ብቻ ከጠፋ ችግሩ እዛው ክፍል ነው፣ ግቢው በሙሉ ከጨለመ ደግሞ አምፖል እየፈታ የሚያይ ሰው ጊዜውን እያቃጠለ ነው። ብዙ ሰው ግን የወደቀው ፓርቲሽን ላይ ብቻ ተተክሎ ሎግ ሲያገላብጥ ይውላል፣ አጠገቡ ያለው ፓርቲሽን በዛው ደቂቃ መውደቁን እንኳን ሳያይ።

1. ገና ወድቆ ሳለ፣ ሳታስነሱት

ፓርቲሽኑ እስካሁን ካልተነሳ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉና ኤችኤምሲው (ሰርቨሩንና ፓርቲሽኖቹን የምንቆጣጠርበት ኮንሶል) ላይ ግቡ። ከፓርቲሽኑ ስም ጎን ያለውን ስቴትና ሬፈረንስ ኮድ በስልክ ፎቶ አንሱት። ፎቶ ይሻላል፣ በእጅ ሲጻፍ አንድ ፊደል ይዘለላል እና ያቺ አንድ ፊደል ናት ሁሉን የምትቀይረው። ኤአይኤክስ ሲወድቅ የሚያወጣቸው ኮዶች ብዙ ይናገራሉ፦ 888 ካያችሁ ክራሽ አድርጓል ማለት ነው፣ ቀጥሎ 102 ከመጣ ሶፍትዌር፣ 103 ከመጣ ሃርድዌር ወደሚለው ያደላል። ከ102 በኋላ ያለችው ቁጥር ደግሞ አይነቷን ትነግራለች፣ 300 ከሆነች ከርነሉ (የኤአይኤክስ እምብርት) የማይነካ ሜሞሪ ሊነካ ሲል ነው የወደቀው፣ 700 ከሆነች ፕሮግራም ኢንተራፕት ነው። 0ሲ9 ላይ ቆሞ ካገኛችሁት ዳምፕ (ሲወድቅ ሜሞሪው ላይ የነበረውን ቅጂ) እየጻፈ ነው፣ አትንኩት፣ ባካችሁ አትንኩት! 0ሲ0 ሲል ጨርሷል። 0ሲ4 ካለ ዳምፑ ቦታ አንሶት ጎዶሎ ቀርቷል፣ 0ሲ8 ካለ ጭራሽ የዳምፕ ቦታ አልተዘጋጀለትም።

ያልወደቀ ግን የደነዘዘ ከሆነ፣ ማለትም ራኒንግ ይላል ግን ሎጊን አያስገባም ኮንሶልም አይመልስም፣ ያኔ ኢሚዲየት ሻትዳውን አትስጡት። ሪስታርት የሚለው ውስጥ ዳምፕ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ምረጡ። በዳምፕ ካስነሳችሁት የደነዘዘበት ቅጽበት ተጽፎ ይቀራል፣ በኢሚዲየት ካስነሳችሁት ግን ማስረጃው በሙሉ ይሄዳል እና ለሚቀጥለው ውድቀት ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። አለቃችሁ አጠገባችሁ ቆመው "ቶሎ በሉ እንጂ ደንበኛ ተሰልፏል" እንደሚሉ አውቃለሁ። በትህትና "ጋሼ ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ፣ ይሄን ካልያዝኩ ተመልሶ ይወድቅብናል" በሏቸው። አብዛኛው አለቃ ምክንያቱ ሲነገረው ይሰማል፣ የማይሰማው ዝም ብላችሁ ስክሪን ላይ ስታፈጡ ነው።

2. ማን አብሮ ወደቀ

ሁሉም ፓርቲሽኖች ላይ እየገባችሁ አፕታይም በሉ። ሁሉም ስል ቪዮሶቹንም (ለሌሎቹ ዲስክና ኔትወርክ የሚያቀርቡትን ፓርቲሽኖች) ጨምሮ ነው (ፓድሚን ሆናችሁ ገብታችሁ ወደ ሩት ውጡ)፣ ቴስት የሚባለውንና ማንም የማይጠቀምበትንም ጨምሮ። እንደውም ማንም የማይጠቀምበት ፓርቲሽን ምርጥ ምስክር ነው፣ ምክንያቱም እሱ ላይ ሎድ የለም፣ አፕሊኬሽን የለም፣ እሱም ከወደቀ ነገሩ ከታች ነው።

ሁሉም በአንድ ደቂቃ ከወደቁ ቪዮሶቹም ጭምር፣ ኤአይኤክስን ተዉት፣ ነገሩ የመብራት ወይም የማሽኑ የራሱ ነው። ቪዮሶቹ ሳይወድቁ ደንበኞቻቸው (ከነሱ ዲስክ የሚያገኙት ፓርቲሽኖች) ብቻ ከወደቁ ዲስኩን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ሳን ስዊቹ (የዲስክ ኔትወርኩ) ወይ ስቶሬጁ ጋር ያደርሳችኋል። አንዱ ቪዮስ ብቻ ወድቆ የተወሰኑት ደንበኞች አብረውት ከሄዱ ደግሞ የፓዝ (ወደ ዲስኩ የሚወስደው መንገድ) ጉዳይ ነው፣ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ። አንድ ፓርቲሽን ብቻውን ከወደቀ ነው እንግዲህ ውስጡን የምናየው። በሌላ ሰርቨር ላይ ካለ ጓደኛው ጋር ክላስተር የሆነ (አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስራውን እንዲይዝ የተጣመረ) ፓርቲሽን ከሆነ ደግሞ ጓደኛው ሆን ብሎ ጥሎት ሊሆን ይችላል።

ይሄን ወረቀት ላይ ጻፉት። የፓርቲሽን ስም፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የትኛው ቪዮስ ላይ እንዳለ፣ በቃ። ሶስት መስመር ጽሁፍ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ግምት ይጥልላችኋል።

3. ሰዓቱን አስታርቁ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ምክንያቱም በየትኛውም የፈረንጅ መመሪያ ላይ አይገኝም እና እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በአንድ ውድቀት ዙሪያ ቢያንስ አራት ሰዓቶች አሉ። ኤአይኤክሱ የራሱ አለው፣ ኤችኤምሲው የራሱ አለው፣ ሰርቪስ ፕሮሰሰሩ (ማሽኑን ከስር የሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒውተር፣ አስሚ በሚባለው ገጽ የምንገባበት) በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ አራተኛው ደግሞ የጀነሬተር ኦፐሬተሩ ደብተር ነው፣ እሱ በሀበሻ ሰዓትና በኛ ካላንደር ነው የሚጻፈው። እነዚህ አራቱ ካልታረቁ መብራት ሄዶ ሰርቨር የወደቀበትን ሌሊት "መብራት እኮ የሄደው ከዛ በፊት ባለው ቀን ነው" ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ምሳሌ ልስጥ። ኦፐሬተሩ ደብተራቸው ላይ "ሐምሌ 1 ቀን 2017 ማክሰኞ ሌሊት 8፡20 መብራት ሄደ" ብለው ጻፉ እንበል። ለኛ ቀኑ እስኪነጋ ማክሰኞ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ቀይሯል። ስለዚ ኤርፒቲ (የኤአይኤክስን የስህተት መዝገብ የሚያሳየው ኮማንድ) ላይ ስትፈልጉ የምታገኙት ረቡዕ ጁላይ 9፣ 02፡20 ነው፣ ኤርፒቲ ደግሞ ቀኑን የሚጽፈው ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ዓመት አድርጎ አጣብቆ ስለሆነ 0709022025 ይላል (መጨረሻ ላይ ያለችው 25 ዓመተ ምህረቷ ናት፣ ብዙ ሰው 2025 የሚለውን አንድ ላይ ዓመት አድርጎ ያነበዋል፣ አይደለም፣ 20ዋ ደቂቃ ናት)። ያው ቅጽበት አስሚ ላይ ደግሞ ከዛ ሶስት ሰዓት ወደኋላ ነው፣ ጁላይ 8፣ 23፡20። አንድ ክስተት፣ ሶስት አጻጻፍ፣ ሁለት የተለያየ ቀን።

ሌላም አለ። ኤአይኤክስ ላይ የሰዓት ክልሉ በድሮው አጻጻፍ ከተሞላ ለኛ የሚሆነው ኢኤቲ ሲቀነስ 3 ነው፣ ሲደመር አይደለም፣ ምልክቱ የተገለበጠ ነው። ሰው "እኛ ዩቲሲ ሲደመር 3 አይደለን" ብሎ ሲደመር 3 ካስገባ ሰርቨሩ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ ልክ በሀበሻና በፈረንጅ አቆጣጠር መሀል ያለው ልዩነት ነው። እና ሰርቨሩ ላይ ያለው ሰዓት ከእጃችሁ ሰዓት ጋር ገጥሞ ትክክል ይመስላል፣ ማንም አይጠራጠርም፣ ሎጉ ግን በሙሉ የተዛባ ነው። ኢኮ ዶላር ቲዚ ብላችሁ አሁኑኑ እዩት። አፍሪካ/አዲስ አበባ ተብሎ ከተሞላ ችግር የለበትም።

ከዛ የጀነሬተር ኦፐሬተሩ ጋር ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። "አባባ ደብተሩን ያሳዩኝ እስቲ፣ የዛን ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነው ያስነሱት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰላምታውን ሳትዘሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ከኤርፒቲ ይልቅ ከዛ ደብተር ነው የተሻለ መልስ ያገኘሁት። ደብተር ከሌለ ዛሬውኑ ግዙና ስጧቸው።

4. ኤርፒቲን ከታች ወደ ላይ ማንበብ

ኤርፒቲ አዲሱን ከላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚ የውድቀቱን ታሪክ ለማንበብ ከታች ወደ ላይ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ ኤርሎግ ኦን የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ይሄ ሲስተሙ ሲነሳ ሎግ መጻፍ የጀመረበት ነው። ከሱ በፊትና በሱ ዙሪያ ያለው ነው ነገሩ። ከዛ ኤርፒቲ ሰረዝ ስሞል ኤ ብላችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ።

ሪቡት አይዲ የሚል ካለ ማሽኑ አልወደቀም፣ ተዘግቷል። ዝርዝሩ ውስጥ 0 ካለ ሪስታርት፣ 1 ካለ ሆልት ነው፣ የማን ዩዘር አይዲ እንደሆነም አለ። "ሰው ዘግቶታል" ብላችሁ ግን ወዲያው ሰው አትክሰሱ፣ ስክሪፕትም ክላስተር ሶፍትዌርም ሩት ሆኖ ሊዘጋ ይችላል። ላስት የሚለውን ኮማንድ አይታችሁ በዛ ሰዓት ማን ገብቶ እንደነበር አመሳክሩ፣ ክሮንታቡንም (በሰዓታቸው ራሳቸው የሚነሱ ስራዎች ዝርዝር) እዩ።

ስለ ዳምፕ የሚያወራ መስመር ካለ፣ ሲስዳምፕ ምናምን ወይም ሚኒዳምፕ ሎግ፣ ከርነሉ ራሱ ፓኒክ አድርጓል (መቀጠል አቅቶት ራሱን አቁሟል)። ወደ 5 ሂዱ።

ኢፓው የሚል ካያችሁ የኃይል ወይም የሙቀት ማስጠንቀቂያ ነው፣ ወደ 6።

ፒጂኤስፒ ኪል ካለ ፔጂንግ ስፔስ (ሜሞሪ ሲሞላ የሚተካው የዲስክ ቦታ) አልቆ ሲስተሙ ፕሮሰስ እየገደለ ነበር፣ ወደ 8።

ምንም ከሌለ፣ ማለትም ተራ የሆነ መስመር፣ ከዛ ዝምታ፣ ከዛ ኤርሎግ ኦን ብቻ፣ ይሄም ራሱ መልስ ነው። ማሽኑ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም ወይ የሚጽፍበት ዲስክ አልነበረም ማለት ነው። ድንገት መብራት መጥፋት፣ ከኤችኤምሲ የተሰጠ ኢሚዲየት ሻትዳውን፣ ወይም ሩትቪጂው (ኤአይኤክሱ ራሱ የተጫነበት ክፍል) ያለበት ዲስክ ከስሩ መጥፋት፣ ከነዚህ አንዱ ነው ብዙ ጊዜ። ኤችኤምሲው ላይ የኮንሶል ኢቨንቶችን ክፈቱና በዛ ሰዓት ማን ምን እንዳዘዘ እዩ። ሁሉም ሰው በኤችኤስሲ ሩት የሚገባ ከሆነ ማን እንደሆነ መቼም አታውቁም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዩዘር ክፈቱለት።

ኤርፒቲ ባዶ ሆኖባችሁ የምትደነግጡም ትኖራላችሁ። ኤአይኤክስ ሲጫን የሩት ክሮንታብ ውስጥ ኤርክሊር አብሮ ይገባል፣ የሶፍትዌርና የኦፐሬተር መስመሮችን ከ30 ቀን በኋላ፣ የሃርድዌሩን ከ90 ቀን በኋላ ያጠፋል። በየሁለት ወሩ የሚወድቅ ማሽን ካላችሁ ያለፈው ውድቀት የሶፍትዌር ታሪክ ሁሌም ተሰርዞ ነው የምትደርሱት። ቁጥሮቹን ከፍ አድርጓቸው። ኤሎግ በሚለው ኮማንድ የኮንሶሉን ሎግም ማየት አትርሱ፣ ኤርፒቲ ላይ ያልገባ ነገር አንዳንዴ እዛ ይገኛል።

5. ፓኒክ ከሆነ

ሲስዳምፕዴቭ ሰረዝ ካፒታል ኤል በሉ፣ የመጨረሻው ዳምፕ መቼ እንደተወሰደ፣ ስንት እንደሆነና ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ይነግራችኋል። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ቫር ስር አድም ውስጥ ራስ የሚባለው ዳይሬክተሪ ላይ ነው፣ ቪኤምኮር ተብሎ። የተጨመቀ ከሆነ በዲኤምፒ አንኮምፕረስ ፍቱትና በኬዲቢ ክፈቱት፣ ከዛ ስታት በሉ። ከሚወጣው ውስጥ ሁለት ነገር ነው የምትፈልጉት፣ የፓኒኩ ጽሁፍና ከስሩ የተደረደሩት የፈንክሽን ስሞች። ከርነል ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅባችሁም። የፈንክሽኖቹ ስም ውስጥ የሆነ ድራይቨር ስም፣ የአንቲቫይረስ ወይ የባካፕ ሶፍትዌር ከርነል ኤክስቴንሽን ካያችሁ ፍንጩ እሱ ነው። ሁለት ውድቀቶች ካሉና ስሞቹ አንድ አይነት ከሆኑ ሶፍትዌር ነው ብላችሁ በልበ ሙሉነት ሂዱ። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ ከሆነ የሚወድቀው ግን ሜሞሪውንም ፕሮሰሰሩንም ጠርጥሩ፣ ፈርምዌሩንም (ማሽኑ ውስጥ የተጻፈውን ሶፍትዌር)።

ሙሉ ዳምፕ ባይኖርም ተስፋ አትቁረጡ፣ ሚኒዳምፕ ሎግ የሚለው መስመር ካለ በኤምዲኤምፒአርፒቲ ይነበባል፣ ትንሽ ነው ግን የፈንክሽን ዝርዝሩን ይዟል።

ዳምፑ ጎዶሎ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ፓርቲሽኑ ሲፈጠር ሜሞሪው ትንሽ ነበር፣ በኋላ ሜሞሪ ተጨመረለት፣ የዳምፕ ቦታው ግን እንደ ድሮው ቀረ። ሲስዳምፕዴቭ ሰረዝ ስሞል ኢ የሚፈለገውን መጠን ይገምትላችኋል። ኤአይኤክስ ራሱ በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት (በፈረንጅ 15፡00) ላይ ዳምፕቼክ የሚባል ነገር እያስኬደ ቦታው ካነሰ ኤርፒቲ ላይ ይጽፋል። ያ መስመር ለወራት ሲጮህ ማንም ሳያየው የቀረበት ሰርቨር ሞልቷል፣ እና በጣም ያሳዝናል ምክንያቱም በአንድ ኤክስቴንድ ኤልቪ (ቦታ ማስፊያ ኮማንድ) ይስተካከል ነበር።

6. መብራትና ሙቀት

ሁሉም አብሮ ከወደቀ ኤችኤምሲው ላይ ሰርቪሰብል ኢቨንቶችን ክፈቱ። የኮዱ መጀመሪያ አቅጣጫ ይሰጣል፦ በ1 የሚጀምር የኃይል ክፍል ነው፣ ቢ1 ሰርቪስ ፕሮሰሰር፣ ቢ7 ሃይፐርቫይዘር (ማሽኑን ለፓርቲሽኖቹ የሚያከፋፍለው)፣ ቢኤ የፓርቲሽን ፈርምዌር። አስሚ ውስጥ ደግሞ ዲኮንፊገር የተደረገ ፕሮሰሰር ወይ ሜሞሪ ካለ እዩ። ማሽኑ የታመመውን ክፍል አግልሎ ራሱ ይነሳል፣ ከላይ ሲታይ ደህና ነው ግን ከነበረው አቅም ቀንሶ ነው የሚሰራው።

ኮድ ከሌለ ወይም የኃይል ኮድ ከሆነ ከሰርቨር ሩሙ ውጡና ገመዱን ተከተሉ። የፓወር ሰርቨር ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው አይደል፣ ሁለቱም ግን አንድ ዩፒኤስ ላይ ተሰክተው ከሆነ ሁለት መሆናቸው ምንም አይጠቅምም። ክረምት ላይ እዚህ መብረቁም የመብራት መቆራረጡም ይበዛል፣ መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ያለችው ክፍተት አጭር ናት ግን ያረጀ ባትሪ ያቺንም አይሸከምም። ዩፒኤሱ ፓኔል ላይ ሙሉ ነው ይላል፣ ሎድ ሲያርፍበት ይወድቃል። ስለዚ በጽሁፍ ፈቃድ አስፈርማችሁ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ዳታቤዙን ዘግታችሁ፣ የመብራቱን ብሬከር አውርዳችሁ ሞክሩት። ኧርዙንም በኤሌክትሪሺያን አስለኩ።

ሙቀቱን በተመለከተ "ደሴ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል" የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ልክ አይደለም። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ብዙ ሙቀት አይሸከምም። አሽሬ የሚባለው የማቀዝቀዣ መሃንዲሶች ማህበር ኤ2 ብሎ ለሚመድባቸው ማሽኖች ጣሪያው 35 ዲግሪ ሆኖ ከ950 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስ ይላል። ሲሰላ ደሴ ላይ ጣሪያው ወደ 30 ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ (1850 ሜትር ገደማ) ደግሞ 32 አካባቢ ነው ግን ኮምቦልቻ ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ጣሪያውን መንካት ይቀላል። ይሄ ደግሞ ሰርቨሩ በተደረደረበት ሳጥን ፊት ለፊት የሚገባው አየር ነው እንጂ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር የሚያሳየው አይደለም። የማሽናችሁን የራሱን መመሪያ አይታችሁ ምድቡን አረጋግጡ። በበጋ አቧራው ፊልተሩን ይደፍናል፣ ያንንም እዩ።

7. ቪዮስና የሞተው ፓዝ

ይቺን ልብ ብላችሁ አንብቧት ምክንያቱም ምክንያቱ የማይታወቅ የሚመስል ውድቀት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሁለት ቪዮስ አለን፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዛል ብላችሁ ተማምናችኋል። ከወራት በፊት አንደኛው ቪዮስ ሪስታርት ተደርጎ ነበር፣ ደንበኞቹ በሁለተኛው በኩል ቀጠሉ፣ ጥሩ። አንደኛው ተመለሰ። ደንበኛው ላይ ግን በአንደኛው በኩል ያለው ፓዝ ፌይልድ እንደሆነ ቀርቷል፣ ምክንያቱም በቨርቹዋል ስካዚ ዲስክ ላይ ኤች ቼክ ኢንተርቫል የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው 0 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ 0 ማለት የሞተው ፓዝ ተመልሶ ይሁን አይሁን ማንም አይፈትሽም። ከዛ አንድ ቀን ሁለተኛው ቪዮስ ሲነካ ደንበኛው ምንም መንገድ አልቀረለትም፣ ዲስኩ ከስሩ ይሄዳል፣ ኤርፒቲም የሚጽፍበት የለም። "ሁለት ቪዮስ እያለን እንዴት" ትላላችሁ።

ኤልኤስፓዝ በሉ፣ ሁሉም ደንበኛ ላይ፣ ዛሬ። ፌይልድ ወይ ሚሲንግ የሚል ካለ የሚወድቅበት ቀን ነው እየተጠበቀ ያለው። ፓዙን በቻፓዝ መልሱና ኤች ቼክ ኢንተርቫሉን በቻዴቭ 60 አድርጉት፣ ዲስኩ ስራ ላይ ስለሆነ ካፒታል ፒ ጨምሩበት፣ ከሚቀጥለው ሪስታርት ጀምሮ ይሰራል። ቪዮሶቹ ላይም ገብታችሁ ኤርሎጋቸውን አንብቡ፣ የፋይበር ካርድ ስህተት እየተጠራቀመ ከሆነ እዛ ነው የሚታየው።

8. ሜሞሪና ፕሮፋይል

አንድ ፓርቲሽን ብቻውን፣ በተለይ ከተነሳ በኋላ በቀናት ውስጥ ደግሞ ከወደቀ፣ ይሄን እዩ። ሲስተሙ እየሰራ ከኤችኤምሲ ሜሞሪ ትጨምሩለታላችሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን ፕሮፋይሉ (ፓርቲሽኑ ሲነሳ የሚሰጠው ሜሞሪና ፕሮሰሰር የተጻፈበት) ላይ ሴቭ ካላደረጋችሁት ፓርቲሽኑ ተዘግቶ በፕሮፋይል አክቲቬት ሲደረግ ወደ ድሮው መጠን ይመለሳል። ዳታቤዙ ግን የተስተካከለው በትልቁ ሜሞሪ ነው። ፔጂንግ ይጀምራል፣ ይሞላል፣ ሲስተሙ ፕሮሰስ መግደል ይጀምራል። ሁለተኛው ውድቀት የመጀመሪያው ልጅ ነው ማለት ነው እና ሁለት የተለያየ ምክንያት እንዳላቸው ካላወቃችሁ አንድ ነገር ፍለጋ ትባዝናላችሁ። ኤልፓርስታት ሰረዝ ስሞል አይ የሚያሳየውን ኦንላይን ሜሞሪ ኤችኤምሲ ላይ ካለው ፕሮፋይል ጋር አስተያዩ፣ ኤልኤስፒኤስ ሰረዝ ስሞል ኤ ደግሞ ፔጂንጉ ምን ያህል እንደሞላ ያሳያል።

9. ክላስተር ካለ

አጭር ነው። ፓወርኤችኤ (የአይቢኤም ክላስተር ሶፍትዌር) ላይ የክላስተር ማናጀሩ ፕሮሰስ ሳይታሰብ ከሞተ ሲስተሙ ሆን ብሎ ኖዱን (የክላስተሩን አባል ማሽን) ይዘጋዋል፣ ዳታ እንዳይበላሽ። ኦራክል ራክም (አንድ ዳታቤዝ በብዙ ማሽን የሚያስኬደው) እንደዚሁ፣ ኖዱ ከጓደኞቹ ጋር ለ30 ሰከንድ ገደማ መነጋገር ካልቻለ ይባረራል፣ ማሽኑም ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚ የግሪዱን (የኦራክል ክላስተር ሶፍትዌር) አለርት ሎግ ሳታዩ "ኤአይኤክስ ወደቀ" አትበሉ። የፕራይቬት ኔትወርኩን ስዊች እዩ፣ የሰዓት ማመሳሰያውንም እዩ፣ ኤክስኤንቲፒዲ ያለ ሰረዝ ስሞል ኤክስ እየሰራ ከሆነ ሰዓቱን በአንዴ ሊያዘልለው ይችላል፣ ራክ ደግሞ የሰዓት ዝላይ አይወድም።

10. ወደ ሳፖርት ስትልኩ

ባለሙያው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መንገዱም ሁሌ አይመችም። ስለዚ መጥቶ እንዲያይ ከመጠበቅ ይልቅ እዛው ሆኖ እንዲያይ አድርጉት። ስናፕ (ማስረጃ ሰብሳቢው ኮማንድ) ሰረዝ ጂዲሲ ብላችሁ ሰብስቡ (ዲዋ ካፒታል ናት፣ ዳምፑን የምትጨምረው እሷ ናት)፣ ቴምፕ ስር አይቢኤም ሳፕት ውስጥ ይቀመጣል። ዳምፑ ያለበት ፋይል ትልቅ ስለሆነ በኛ ኢንተርኔት ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ በስፕሊት ቆራርጣችሁ ሌሊት ሌሊት ላኩ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቸክሰም (ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን ማረጋገጫ ቁጥር) አብራችሁ ላኩ። ኦኤስ ሌቨል ሰረዝ ኤስ፣ ኤልኤስኤም ኮድ፣ የኤችኤምሲው ፎቶ፣ በቁጥር 2 ላይ የጻፋችሁት ወረቀትና በቁጥር 3 ያስታረቃችሁት ሰዓት ከኢሜይሉ ጋር ይሁኑ። በዩቲሲ ጻፉት ሰዓቱን።

መልስ እስኪመጣ ድረስ አንድ ላይ አምስት ነገር አትቀይሩ። ፓች፣ ፈርምዌር፣ ዩፒኤስ፣ ሜሞሪ በአንድ ቅዳሜ ከቀየራችሁ መውደቁ ቢቆምም የቱ እንዳቆመው አይታወቅም፣ ካልቆመም ደግሞ ግራ ትጋባላችሁ። ብዙ ማስረጃ ያለውን አንዱን ቀይሩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከዚህ በፊት በመሀል ይቆይ ከነበረው ጊዜ እጥፍ ያህል ጠብቁ። እስከዛው ኤንሞን (የፕሮሰሰር፣ የሜሞሪና የዲስክ አጠቃቀም መዝጋቢ) በየደቂቃው እየቀዳ ይቆይ፣ ፋይሉም የሚቀመጠው ሌላ ማሽን ላይ ይሁን፣ ሩትቪጂ ላይ ካስቀመጣችሁት ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሲስሎጉም (የሲስተሙ መልእክት መዝገብ) ወደ ሌላ ፍሬም ላይ ወዳለ ማሽን ይላክ። ሲስ0 ላይ ኦቶሪስታርት ትሩ መሆኑን፣ ፓርቲሽኖቹም ፕሮፋይላቸው ላይ ከማሽኑ ጋር አብረው እንዲነሱ ምልክት የተደረገባቸው መሆኑን አረጋግጡ፣ ቪዮሶቹ ቀድመው ደንበኞቹ ተከትለው።